ማንም ድምፅ ያልሰጠበት የግብር ጭማሪ

የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የደመወዝ መነሻ ለዓመታት 1,100 ብር ነበር። ከዚህ ላይ 50 ብር የሥራ ግብር፣ 77 ብር የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 973 ብር እጅ ላይ ይደርሳል። በ2017 ዓ.ም. መነሻው ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ። በዚሁ እርከን ላይ ያለው ሠራተኛ ፔሮል ላይ ያኔ የሰፈረው ግብር 649 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ደመወዙ ከ4 እጥፍ በጥቂቱ አለፍ ሲል ግብሩ 13 እጥፍ ሆነ። ከመቶ ሲሰላ ከ4.5 ወደ 13.6 ዘለለ።

ጭማሪው የተሰጠው ኑሮ ስለተወደደ ነበር። ሰውየው ካለፈው የበለጠ ጤፍና ዘይት እንዲገዛ ሳይሆን ካለፈው አብዝቶ እንዳይወርድ ታስቦ ነው። የግብር ሕጉ ግን የብሩን ቁጥር እንጂ ብሩ የሚገዛውን አያይም። ቁጥሩ ስላደገ እንደ ደኅና ገቢ ቆጥሮ ወደ 20 በመቶው መደብ አስገባው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት «የዝቅተኛ ደመወዝተኛው የግብር ድርሻ ሦስት እጥፍ ይሁን» የሚል ረቂቅ ቀርቦለት፣ ተከራክሮ፣ እጅ አውጥቶ አላጸደቀም። ሆኖም ሆነ።

ይህ ጽሑፍ ስለዚህ ነገር ነው፤ የዋጋ ንረት በራሱ ጊዜ ስለሚያመጣው የግብር ጭማሪ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ለፌዴራል መንግሥት በተከለለው የገቢ ምንጭ ላይ ግብር የመጣልን ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። ግብር የሚጨምር ከሆነ የጨመረው ሰው፣ የጨመረበት ቀንና የሰጠው ምክንያት መታወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ። ዋጋ ሲንር ዝም ብሎ የሚያድግ ግብር ግን ባለቤት የለውም።

አሠራሩን ለማየት ያለፉትን ሦስት ሕጎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። በአዋጅ ቁጥር 286/1994 መሠረት በወር እስከ 150 ብር የሚያገኝ ሰው ግብር አይከፍልም ነበር፤ ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ደግሞ ከ5,000 ብር በላይ ነበር። ያ ሰንጠረዥ ሳይነካ 14 ዓመት ቆየ። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ የሆነውን ወደ 600 ብር፣ የ35 በመቶውን መነሻ ወደ 10,900 ብር ከፍ አደረገ። እሱም 9 ዓመት ቆየ። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ነፃውን 2,000 ብር፣ የ35 በመቶውን መነሻ 14,000 ብር አደረገው። በመካከል ያሉት መደቦች እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20፣ እስከ 10,000 ብር 25፣ እስከ 14,000 ብር 30 ናቸው። ቀድሞ የነበረው የ10 በመቶ መደብ ቀርቷል።

ወሬው ሁሉ ነፃው ከ600 ወደ 2,000 ማደጉ ላይ ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ በታችኛውና በላይኛው ወለል መካከል ያለው ርቀት ነው። በ1994 ዓ.ም. ግብር የሚጀምርበት 150 ብር፣ ከፍተኛው የሚጀምርበት 5,000 ብር ነበር፤ 33 እጥፍ። በ2008 ዓ.ም. ርቀቱ ወደ 18 እጥፍ ወረደ። አሁን 7 እጥፍ ነው። መሰላሉ አጠረ ማለት ነው። ትናንት ከሥር ወደ ላይ ለመድረስ 33 እጥፍ ገቢ ይጠይቅ የነበረው ዛሬ በ7 እጥፍ ያልቃል። ከዚያ በኋላ 14,100 ብር የሚያገኘው መምህርና 300,000 ብር የሚያገኘው ሥራ አስኪያጅ ለሚጨምሩት ለእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ይከፍላሉ። ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ስድስት መደብ አለው። በተግባር ግን ከመካከለኛ ደመወዝ በላይ ያለው ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ቁጥሩን በሌላ መስፈሪያ ማየትም ይቻላል። አዋጅ 286 ሲወጣ ዶላር ወደ 8 ብር ተኩል ነበር፤ ስለዚህ 150 ብር ከ17 ዶላር በላይ፣ 5,000 ብር ወደ 590 ዶላር ይጠጋል። በ2008 ዓ.ም. በ22 ብር ሂሳብ 600 ብር 27 ዶላር፣ 10,900 ብር 495 ዶላር ገደማ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ማሻሻያው በጸደቀበት ሰሞን፣ ባንክ ዶላርን በ135 ብር ገደማ ይመነዝር ነበር። በዚያ ሂሳብ 2,000 ብር 15 ዶላር አይሞላም፤ 14,000 ብርም ከ100 ዶላር ብዙ አይበልጥም። ዶላር ሽሮና በርበሬ አይደለም፣ የገበያ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር እኩል አይሄድም፤ ይህ ትክክል ነው። ቢሆንም የከፍተኛው የግብር ምጣኔ መነሻ ከ590 ዶላር ወደ 100 ዶላር የወረደበት አገር ውስጥ «ግብር ተቀነሰ» ማለት ከባድ ነው።

በዋጋ ንረት ራሱ እናስላው። ለስሌት ያህል በ9 ዓመት ውስጥ ዋጋ በአማካይ በዓመት 20 በመቶ አደገ እንበል። አንዱን ዓመት በሌላው ላይ ስናባዛው ዋጋው 5.16 እጥፍ ይሆናል። በዚያ ልክ ቢያድጉ ኖሮ 600 ብሩ 3,096፣ 10,900 ብሩ 56,200 ብር አካባቢ መድረስ ነበረባቸው። በ2014 ዓ.ም. ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ይንር እንደነበር የሚያስታውስ ሰው 20 በመቶውን ግነት አይለውም። ስለዚህ ታችኛው ወለል ከሚገባው ወደ ሁለት ሦስተኛው ያህል ሲያድግ የላይኛው ሩቡን ያህል ብቻ አግኝቷል። ጫናው ያረፈው መካከሉ ላይ ነው፤ ነርሱ፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ኢንጅነሩ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ላይ።

ማሻሻያው ምንም አልጠቀመም ማለቴ አይደለም። 6,000 ብር የሚያገኝ ሠራተኛ በድሮው 935 ብር ይከፍል ነበር፤ አሁን 700 ይከፍላል። 9,000 ብር የሚያገኘው ከ1,745 ወደ 1,400 ወርዶለታል። ከ14,000 በላይ ያለው ሁሉ በወር እኩል 550 ብር ይተርፈዋል። ይህ ገንዘብ ነው። ከዓመታት ጥያቄና ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተደጋጋሚ ጉትጎታ በኋላ የመጣ ስለሆነም ሊናቅ አይገባም። ችግሩ ሰንጠረዡ የጸደቀ ዕለት እንደገና መቆሙ ነው። መስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ መነሻ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ሲያድግ ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በአዲሱ ሰንጠረዥ 4,760 ብር ላይ ግብሩ 452 ብር ነበር። 6,000 ላይ 700 ሆነ። ማሻሻያው ከመውጣቱ በፊት ከነበረው 649 ብር ከ50 በላይ ማለት ነው። የቀለለው ሸክም በሁለት ወር ውስጥ በብር ተመልሶ መጣ። ከመቶው ሲታይ 11.7 ነው፣ ከ13.6 ይሻላል፤ ግን በየጭማሪው ወደዚያው እየተጓዘ ነው።

ስለ መደብ ሲነሳ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሰማ አንድ ስህተት አለ። «ጭማሪው ወደ ላይኛው መደብ ስለሚያስገባኝ ይቅርብኝ፣ ታክስ ይበላዋል» የሚለው ነው። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚነካው ከወለሉ በላይ ያለውን ብር ብቻ ነው። 9,500 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በአንድ ወር የ800 ብር ትርፍ ሰዓት ሠራ እንበል። ያለ ትርፍ ሰዓቱ ግብሩ 1,525 ብር ነው፤ 9,500 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,375፣ ከዚያ ላይ ተቀናሹ 850 ይነሳል። ከትርፍ ሰዓቱ ጋር 10,300 ይሆናል፤ በ30 በመቶ 3,090፣ ተቀናሹ 1,350 ሲነሳ 1,740 ብር። ልዩነቱ 215 ብር ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ትርፍ ሰዓቱን አይነካም፤ 585 ብር ኪሱ ይገባል። ማንም ደመወዝ ተጨምሮለት በግብር ምክንያት ከቀድሞው ያነሰ እጁ ላይ አይደርስም። የፔሮል ባለሙያ «ተቀናሽ» የሚላቸው 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 የሚባሉት ቁጥሮች ሥራቸው ይህ ነው። ገቢውን በየመደቡ ቆራርጦ ከመደመር ይልቅ በአንድ ምጣኔ አባዝቶ የታችኛዎቹን መደቦች ልዩነት ይመልሳሉ።

በግል ድርጅት በኩል ደግሞ በኔት መስማማት የሚባል ነገር አለ። ሠራተኛው «እጄ ላይ 10,000 ብር ይድረሰኝ» ይላል፤ አሠሪው እሺ ይላል። ለዚህ 10,000 ብር ግሮሱ፣ ማለትም ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ያለው ደመወዝ፣ ስንት መሆን አለበት? በ30 በመቶው መደብ ውስጥ ከ1 ብር ላይ 30 ሳንቲም ግብር፣ 7 ሳንቲም ጡረታ ሲወጣ 63 ሳንቲም ይቀራል። ስለዚህ ከ10,000 ላይ ተቀናሹን 1,350 አንስቶ 8,650ን ለ0.63 ማካፈል ነው፤ 13,730 ብር ከ16 ሳንቲም ይመጣል። ግብሩ 2,769 ብር ከ5፣ የሠራተኛው ጡረታ 961 ብር ከ11 ነው። አሠሪው በራሱ በኩል 11 በመቶ፣ ማለትም 1,510 ብር ከ32 ይጨምራል። ሠራተኛው 10,000 እንዲያገኝ ድርጅቱ 15,240 ብር ያወጣል።

ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። 15,240ው ሲከብዳቸው ግሮሱን 5,000 ብለው ያስመዘግቡና የቀረውን በካሽ ወይም በትራንስፖርትና በቤት አበል ስም ይሰጣሉ። ሠራተኛው ለጊዜው አይጎዳም፤ ብሩ ደርሶታል። የሚጎዳው በጡረታው ነው። የጡረታ አበል የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው 10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። የተመዘገበው 5,000 ከሆነ 2,750 ብር ነው። እውነተኛው 13,730 ቢመዘገብ 7,551 ብር ይሆን ነበር። መደቦቹ ዝቅ ብለው በቆዩ ቁጥር አሠሪው ደመወዝ ለመደበቅ ያለው ፍላጎት ይበረታል። ሰንጠረዡን በጊዜው አለማስተካከል መንግሥትን ራሱን ገቢ ያሳጣዋል የምለው ለዚህ ነው።

ስለ ጡረታ ካነሳን፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ነገር ይጨመር። 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ከግብር በፊት አይቀነስም። ግሮሱ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ 630 ብር ለጡረታ ያዋጣል፤ ይህን ብር በእጁ አልነካውም፣ 60 ዓመት እስኪሞላው የሚነካውም አይደለም። ግብሩ ግን 9,000ው ላይ ተሰልቶ 1,400 ይቆረጣል። መዋጮው ቀድሞ ቢነሳ ግብሩ 8,370 ላይ ተሰልቶ 1,242 ብር ከ50 ይሆን ነበር። በወር 157 ብር ከ50 ሳንቲም ያልደረሰው ገንዘብ ላይ ይከፍላል። ይህን ማስተካከል አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ማሻሻያ ቢገባ ደስ ይለኛል። ሕጉ የቤተሰብን ብዛት አለማየቱም ሌላ ጥያቄ ነው። አምስት ልጅና አልጋ ላይ የዋለች እናት ያለው ሰውና ብቻውን የሚኖረው ሰው በእኩል ደመወዝ እኩል ይከፍላሉ። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን በልጅ ቁጥር የሚታሰበውን የግብር ቅናሽ ያውቁታል። ይህን እዚህ ለመተግበር ግን የተሟላ የልደት ምዝገባ ይፈልጋል፤ ዛሬ ነገ የሚደረግ አይደለም።

አገራችን ከቋሚ ቁጥር ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። አሥራት ከአዝመራው ከአሥር አንድ በነበረበት ዘመን ገበሬው ብዙ ሲያመርት ብዙ፣ ጥቂት ሲያመርት ጥቂት ይሰጥ ነበር፤ እህሉ ተሰፍሮ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተመድቦ በጋሻ (በድሮው የመሬት ስፋት መለኪያ) ይህን ያህል ብር ተብሎ ሲተመን ግን ልኩ ከአዝመራውም ከገበያውም ተለየ። የቡና ዋጋ ቢወጣ ቢወርድ የጋሻው ሂሳብ ያው ነበር። ያን ጊዜ ቁጥሩ ሲቆም የተጠቀመው ሰፊ መሬት ያለው ባለርስት ነው፤ ዛሬ ሲቆም የሚጎዳው ደመወዝተኛው ነው። በእስልምና ዘካ የሚወጣበት መነሻ፣ ኒሳቡ፣ በወርቅ ክብደት 85 ግራም ገደማ ተብሎ ይሰፈራል። ብር ቢወድቅ ቢነሳ ኒሳቡ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ማንም ስብሰባ ጠርቶ ማሻሻል አያስፈልገውም። ደሃውን ከመክፈል የሚጠብቀው ወለል እንዳይሸረሸር አስቀድሞ ታስቦበታል። መንግሥትና ሃይማኖት በሕግ በተለያዩበት አገር የግብር ሕጉን ከእምነት ድንጋጌ አንቀዳውም። ሐሳቡ ግን ለማንኛውም ሕግ አውጪ ይበጃል፤ ወለልን በሚረግፍ ነገር አትለካ።

ይህን በሕግ የሠሩ አገሮች አሉ። አሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከ1985 ጀምሮ የግብር መደቦቿን ከዋጋ ጋር አያይዛለች። ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ የሚሠራ ሀበሻ በየዓመቱ የፌዴራል መደቦቹ ከፍ ማለታቸውን ያያል፤ ኮንግረስ በየዓመቱ ስለተሰበሰበ ሳይሆን ሕጉ አንድ ጊዜ ስለተጻፈ ነው። የካናዳ ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በ1974 ማያያዝ ጀመረች፤ በ1986 ግን «ከ3 በመቶ በላይ ያለው ንረት ብቻ ይታሰባል» የሚል ሐረግ ገባ። 3 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ግን ንረቱ ዝቅ ባለባቸው ዓመታት መደቦቹ ጭራሽ አልተንቀሳቀሱም። ሙሉ ማያያዙ የተመለሰው በ2000 ነው። እንግሊዝ ከግብር ነፃ የሆነውን 12,570 ፓውንድ ከ2021 ጀምሮ አቁማዋለች፤ እስራኤልም ከ2025 ጀምሮ ለሦስት ዓመት መደቦቿን አቁማለች። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለት የማነሳው ለማያያዝ ተቃራኒ ምስክር ስለሆኑ አይደለም። በሁለቱም አገር ማቆሙ ራሱ ውሳኔ ነበር፤ በጀት ላይ ተጻፈ፣ በምክር ቤት ድምፅ ተሰጠበት፣ ተቃዋሚው ጮኸበት፣ ጋዜጣው የገንዘብ ሚኒስትሩን ስም ጠርቶ ጠየቀ። እኛ ጋ ማቆም ዝምታ ነው፤ ዝም የሚል ደግሞ ተጠያቂ የለበትም።

እንዴት ይሠራ? በሕጉ ላይ የሚጨመረው አንቀጽ አጭር ነው። በየዓመቱ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ያለቁት 12 ወራት አማካይ የዋጋ ኢንዴክስ (የሸቀጦችን አጠቃላይ የዋጋ ለውጥ የሚያሳየው ቁጥር) ከቀደሙት 12 ወራት አማካይ ጋር ይካፈላል፤ በተገኘው ቁጥር መደቦቹ ይባዛሉ፤ የገንዘብ ሚኒስቴር ግንቦት ላይ አዲሱን ሰንጠረዥ ያሳትማል፤ ሐምሌ 1፣ የበጀት ዓመቱ ሲጀምር፣ ሥራ ላይ ይውላል። የአንድ ወር ኢንዴክስ መውሰድ ስህተት ነው፤ ፋሲካ የዋለበት ወር ከጾሙ ወር ጋር ሲነጻጸር የሥጋና የቅቤ ዋጋ ብቻ ውጤቱን ያዛባዋል። የ12 ወር አማካይ ያንን ያለሰልሰዋል።

ምሳሌ እንውሰድ። ንረቱ 15 በመቶ ቢሆን 2,000 ብሩ 2,300፣ 4,000 ብሩ 4,600፣ 7,000 ብሩ 8,050፣ 10,000 ብሩ 11,500፣ 14,000 ብሩ 16,100 ይሆናል። ተቀናሾቹም በዚያው ልክ 345፣ 575፣ 977.50፣ 1,552.50 እና 2,357.50 ይሆናሉ። 6,000 ብር የነበረው ሠራተኛ ደመወዙ ከንረቱ ጋር እኩል አድጎ 6,900 ሆነ እንበል። በቆመው ሰንጠረዥ 880 ብር ይከፍላል፤ በተያያዘው 805። በወር 75፣ በዓመት 900 ብር ልዩነት ነው። ዋናው ነገር ከመቶው ነው፤ በተያያዘው ሰንጠረዥ ድርሻው ያው 11.67 በመቶ ሆኖ ይቀጥላል። አልቀነሰም፣ አልጨመረም።

ሲጠጋጋ ጥንቃቄ ይፈልጋል። 8,050ን ለአያያዝ እንዲመች 8,100 ካደረጉት ተቀናሹን በአዲሱ ወለል ላይ እንደገና ማስላት ግድ ነው፤ 575 ላይ የ8,100ን 5 በመቶ፣ 405ን፣ ደምሮ 980 ማድረግ። 977.50ውን እንዳለ የተወ ሰው ልክ 8,100 ብር ላይ በሁለቱ መደቦች መካከል የ2 ብር ከ50 ዝላይ ይፈጥራል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሺዎች በሚቆጠሩ ፔሮሎች ላይ ኦዲተርና ሒሳብ ሠራተኛን ሲያጨቃጭቅ ይከርማል።

ኢንዴክሱን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው። ከግማሽ በላይ ክብደቱ የምግብ ስለሆነ ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ ኑሮ የቀረበ ነው፤ የመሠረት ዘመኑ ግን ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ነው። ሰው በዚያን ጊዜ ለኪራይ፣ ለታክሲና ለሞባይል ያወጣ የነበረውና ዛሬ የሚያወጣው አንድ አይደለም። ግብር ከኢንዴክስ ጋር ከተያያዘ ኢንዴክሱ ላይ ያለ ጥርጣሬ ሁሉ የግብር ክርክር ይሆናል። ስለዚህ ቅርጫቱን፣ ማለትም ዋጋቸው የሚለካውን የሸቀጦች ዝርዝር፣ በየ5 ዓመቱ ማደስና የሚታተምበትን ቀን በሕግ መቁረጥ ከማያያዙ ጋር አብሮ መሄድ አለበት። ያለዚያ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ የማውጣት ፈተና ይመጣል።

ከባዱ ተቃውሞ የገቢው ጉዳይ ነው፤ አቅልዬ ማለፍ አልፈልግም። ኢትዮጵያ የምትሰበስበው ግብር ከአጠቃላይ ምርቷ ሲነጻጸር ከ10 በመቶ በታች ነው። ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ የዕዳ ክፍያ ከየት ይምጣ? ደመወዝተኛው ከሕዝቡ ጥቂት ስለሆነ ለእሱ ማቅለል ለከተሜው ማድላት ነው የሚልም አለ። ለመጀመሪያው መልሴ፣ ማያያዝ ገቢ አይቀንስም፤ ሳይታወጅ ማደጉን ብቻ ያስቀራል። መንግሥት ተጨማሪ ከፈለገ ምክር ቤት ቀርቦ ይጠይቅ። ንብረትን የሚመለከተው የታክስ አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ቀርቦ፣ ተከራክረውበት፣ ተቃውሞም ተሰምቶበት ጸድቋል፤ ወደድነውም ጠላነውም ማን እንዳጸደቀው እናውቃለን። ለሁለተኛው፣ በ20 በመቶ መደብ ውስጥ ያለው 6,000 ብር ተከፋይ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ ቀሪው 4,880 ብር ነው። ሳሙናና ሌላ ሌላ ዕቃ ሲገዛም ከሚገዛው በብዙው ላይ የ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጠብቀዋል። ግብር እየሰወሩ ካሉት ነጋዴዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ሰው ምንም የሚሸሽበት በር የለውም፤ ብሩ ገና ሳይደርሰው ተቆርጦ ተቀምጧል። በቀላሉ የሚያዝ መሆኑ ብዙ የሚከፍልበት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ለግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለልም ገና የለንም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ በደንብ እንዲቋቋም ይላል፤ የወለሉ ልክ ግን አልወጣም። ወለል ሲወሰን የግብር ነፃው መጠን ከሱ በታች ከቀረ፣ መንግሥት በአንድ እጁ «ከዚህ በታች ሰው አይኖርም» ብሎ በሌላ እጁ ከዚያው ላይ ይቆርጣል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው መታሰር አለባቸው።

አንድ ነገር ቀርቷል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96 እና 97 መሠረት የፌዴራል መንግሥትና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሠራተኞች ግብር የፌዴራሉ ሲሆን፣ የክልል መንግሥትና የግል ድርጅት ሠራተኞች ግብር የክልሉ ነው። ስለዚህ የማያያዝ አንቀጹ በፌዴራል አዋጅ ብቻ ከገባ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለ የፋብሪካ ሠራተኛ የክልሉ ምክር ቤት የራሱን ሕግ እስኪያስተካክል ይጠብቃል። ረቂቁ ሲዘጋጅ የየክልሉ የገቢ ቢሮዎች ከመጀመሪያው ቢቀመጡበት፣ ሁሉም የአንዱን ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አገር አቀፍ ኢንዴክስ ቢቀበሉና በአንድ ቀን ቢጀምሩ፣ ሐምሌ 1 ላይ በየፔሮል ክፍሉ ኮምፒውተር የሚቀየሩት አምስት ወለሎችና አምስት ተቀናሾች ናቸው።